የድሬዳዋ ሌሊት ለማን ይነፍሳል?



በግንቦት ወር መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ወደ ድሬዳዋ ወረድን። "ወረድን" ያልኩት ለቋንቋ ማሳመሪያ አይደለም። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ ጭሮን፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው በጠመዝማዛው ቁልቁለት ወደ ድሬ ይወርዳል። እኛ የደሴ ሰዎች ነን፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የለመደ ሰውነት ይዘን 1,200 ሜትር ግድም ወዳለችው ከተማ ነው የምንወርደው። ከደንገጎ በኋላ በየኩርባው ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ እኔ ኮቴንም ሹራቤንም አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ባለቤቴ ከጂልባቧ ሥር የደረበችውን ወፍራም ሹራብ ግን በሰው መካከል የት ታውልቀው? እስከ መናኸሪያው ድረስ ይዛው ወረደች። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራው ለባቡር አልመች ስላለ ግን ከግርጌው አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ "አዲስ ሐረር" ተብላም ነበር። እንግዲህ ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ቢችል ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ በሐረር ነፋሻ አየር ይኖር ነበር ማለት ነው። በደቻቱ አሸዋ ወዲያና ወዲህ ሁለት መልክ ያላት ከተማ ናት፤ ከዚራ በዛፍ ጥላና በረንዳ ባላቸው አሮጌ ቤቶች የተዋበች፣ መጋላ ደግሞ በገበያና በሰው የተጨናነቀች። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ በተኙ ሰዎች ላይ ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወስዷል፤ አላህ ይዘንላቸው። ያረፍንበት ቤት እመቤት እስከ ዛሬ ከተራራው በኩል ደመና ስታይ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ድሬዎች ከፀሐይ ጋር አይታገሉም። እኩለ ቀን ሲሆን ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፤ መንገዱ ጭር ይላል፤ ወንዱ ሽርጡን ያገለድማል፣ ሴቷ ስስ ሺቲዋን ትለብሳለች፤ ከተማው ጋደም ይላል። ከዐስር ሶላት ወዲህ እንደገና ይነቃል። ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ስንፍና ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ቀይሉላህ ሶሓቦች የነበራቸው እረፍት ነው፤ በጁሙዐ ቀን ከሶላቱ በኋላ ያደርጉት እንደነበር ተዘግቧል። ሙቀት ሲበረታ የዙህርን ሶላት በረድ እስኪል ማዘግየትም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመጣ መመሪያ ነው። በሱረቱን-ኑር 58ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ አገልጋዮችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ የታዘዘባቸው ሦስት ጊዜያት አሉ፤ ከሱብሒ በፊት፣ ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት ቀትርና ከዒሻ በኋላ። ሦስቱም የመኝታ ጊዜያት ናቸው። ሰው በእነዚህ ሰዓታት ልብሱን ቀለል አድርጎ፣ ማንም ሳያየው ማረፍ መብቱ ነው ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

(ይህን የእረፍት ሰዓት በጫት የሚያሳልፈው ብዙ መሆኑ ያሳዝናል። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ ቀኑን ያረፈበት የመሰለው ሰው ሌሊቱንም ያጣዋል። ስለ እሱ ግን ሌላ ጊዜ።)

ያረፍነው ከባለቤቴ አጎት ዘንድ ነው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ከመግሪብ በኋላ ትልቁ ልጅ የኒሙ ዛፍ ሥር ያለውን መሬት ለውዱእ በተጠቀምንበት ውሃ አርከፈከፈው፤ ከዒሻ በኋላም የጠፍር አልጋዎቹን አውጥቶ ደረደረ፣ አጎበሮቹንም ከቅርንጫፉ ላይ አንጠለጠለ። አጎትየው፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆችና እኔ በረድፍ ተጋደምን። የጠፍር አልጋ ከሥር አየር ያስገባል፤ ስፖንጅ ፍራሽ ሙቀት እንደሚያቅፈው አያቅፍም። ነፋሱ ከተራራው በኩል ቀስ እያለ መጣ። ሲነጋጋማ ብርድ ቢጤ ተሰምቶኝ አንሶላዬን ስቤ ተከናነብኩ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዓመታት አልፈዋል።

ጠዋት ቁርስ ላይ፣ "ሱብሓነላህ! የድሬዳዋ ሌሊት እንዴት ያማረ ነው!" አልኩ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ አብጧል። ምንም አልተናገረችም። የአጎቷ ትልቋ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ሻይ እየቀዳች ሳለ ፈገግ አለችና አቀረቀረች።

በኋላ ለብቻችን ስንሆን ነገረችኝ። እሷ ከሁለቱ ልጃገረዶች ጋር በስተጓሮ ባለው ክፍል ነበር ያደረችው። "አደርኩ ከተባለ ነው" አለች። ሦስት ጊዜ ተነስታ አንገቷንና ክንዷን በውሃ አርሳለች። ታናሺቱ ፍራሹን ትታ ሲሚንቶው ላይ ተኝታ ነጋባት። ትልቋ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስትገላበጥ ቆይታ ገና ሸለብ ሲያደርጋት አዛን ሆነ። "አንተ ግቢ ውስጥ ስታንኮራፋ እስከ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር" ብላ ጨመረችበት።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው ሳለ ክፍሉን አየሁት። የቤቱ የፊት ክፍል አሮጌ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ፀሐይን የሚከላከል፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ያሉት። ይህ ለእንግዳ የተዘጋጀ ሳሎን ነው፤ ማታ ማታ ተቆልፎ ያድራል። የልጃገረዶቹ ክፍል በኋላ የተቀጠለ ነው፤ ስስ ብሎኬት፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ አንዲት መስኮት ብቻ። ያቺም መስኮት የምታየው ወደ ጎረቤት ደጅ ስለሆነ በሐያእ ምክንያት ሁልጊዜ ትዘጋለች። ክፍሉ ወደ ምዕራብ የዞረ ነውና ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ መግሪብ ፀሐይዋ ግድግዳውን ትጋግረዋለች። ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፣ ፀሐይ ስትገባም ቶሎ ይበርዳል፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ ግን ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ነው የሚተፉት። በዚያው ምሽት ታናሹ ወንድ ልጅ ቴርሞሜትር ፈልጎ አመጣልኝ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግቢው 27 ዲግሪ፣ ክፍሉ 33 ዲግሪ ነበር። መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፈው ከእሳት የወረደ ምጣድ መሰለኝ።

ነገሩን ለተማሪዎቼ በማስረዳው መንገድ ላስረዳ። ሰውነታችን ወደ እንቅልፍ ሲገባ የውስጥ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ በሌሊት ከቀኑ ወደ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ይህን የሚያደርገው በእጅና በእግር ቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ሰፍተው ሙቀቱን ወደ አየር ሲለቁት ነው። አየሩ የቆዳን ያህል ከሞቀ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፤ የሚቀረው ላብ ብቻ ይሆናል። ላብ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲፈስ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ሦስት ሰው ሲተነፍስ አየሩ ይረጥባል፤ ላቡ መትነን ትቶ አንሶላ ያበሰብሳል። ወበቅ የምንለው ይኸው ነው። በዚህ ላይ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነት ሙቀቱን የመቆጣጠር አቅሙ ይዳከማል፤ ስለዚህ ክፍሉ ሲሞቅ ጥልቁም እንቅልፍ የሕልሙም እንቅልፍ ይቆራረጣል። ሰውየው በየጊዜው ይነቃል፤ ጠዋት ግን መንቃቱን ብዙውን ጊዜ አያስታውሰውም። "ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝተሽ ምን ሆንሽ?" ሲባል የሚመልሰው ያጣል። ቀን የተጠናው ትምህርት፣ የቁርአን ሒፍዝም ቢሆን፣ በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በዚያው በተቆራረጠው እንቅልፍ ጊዜ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ የራሴ ጥፋት ይታወሰኛል። ከዓመታት በፊት ቆላ አገር አስተምር በነበረበት ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የምታንቀላፋ ተማሪ ነበረችኝ። ሦስት ቀን በተከታታይ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አቆምኳት። የት እንደምትተኛ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

አጎትየው ማታ ግቢው ውስጥ ተጋድመን ስለ ልጃቸው አነሱልኝ። "መምህር፣ ይቺ ልጅ ሰንፋብኛለች" አሉ። "ፈተናዋ ደርሷል፤ መጽሐፍ ስትይዝ ታንቀላፋለች። ለሱብሒ ሦስት ጊዜ ካልተጠራች አትነሳም። ወንድሞቿ በአንድ ድምፅ ዱብ ይላሉ። እራሴን አመመኝ ትላለች፤ እኔስ ሰበብ ነው የሚመስለኝ። አንተ አስተማሪ ነህ፤ እስኪ ምከራት።"

"ጋሼ፣ ወንድሞቿ የት ነው የሚተኙት?" አልኳቸው።

"እዚሁ ነዋ፤ ታያቸው የለም?"

"እሷስ?"

ዝም አሉ። ቆይተው፣ "ሴት ልጅ እንግዲህ ደጅ አታድር" አሉ።

እውነታቸውን ነው። አጥሩ አጭር ነው፤ ከጎረቤት ካለው ፎቅ ላይ ግቢው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴት ልጅ ልብሷን አቅልላ የምትተኛበት ቦታ አይደለም፤ ሙሉ ልብሷን ለብሳ ብትተኛ ደግሞ ከክፍሉ በምን ተሻለ? ያ የሱረቱን-ኑር አንቀጽ የጠበቀላት ነገር ይኸው ነበር። እኛ ግን አንዱን ይዘን አንዱን ጥለናል፤ ሰው እንዳያያት ዘጋንባት፣ በዘጋንበት ውስጥ ማረፏን ግን አላየንላትም። ሐያእ የልጅቱ ብቻ ዕዳ ሆኖ ነፋሱ የወንዶቹ ድርሻ ሆነ። እንዲህ አድርጌ ለአጎትየው በዚያ ሌሊት መናገር አልቻልኩም፤ እንግዳ ነኝ፣ አማችም ነኝ። "ጋሼ፣ ነገ ከዒሻ በኋላ እዚያ ክፍል ትንሽ ቢቀመጡ" ብቻ ነው ያልኳቸው። ሳቁና ዞረው ተኙ።

ደጅ ማደርም ቢሆን ያለ አጎበር ዛሬ የሚመከር አይደለም። ቀድሞ በከተማ ብዙም የማናውቀው፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለ የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዟል። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በየቤታችን ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በከተማይቱ የታየውን የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቀን ስለምትናከስ በቀይሉላህ ሰዓትም አጎበር ያሻል። በርሜሉን መክደን ከሁሉም ይቀድማል። ከጎረቤት ፎቅ ጣሪያ ላይ ፍራሽ ዘርግተው የሚተኙ ልጆችንም አይቻለሁ፤ ዙሪያው ከለላ አልነበረውም። ከለላ በሌለው ጣሪያ ላይ ከመተኛት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቃቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል፤ ለነዚያ ልጆች አባት ይህን ያደረሰላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ማታ ልጃገረዶቹ ከእናታቸውና ከባለቤቴ ጋር በረንዳ ላይ ሆጃ ሲጠጡ አጎትየው ባትሪ ፈልገው ወደ ጓሮ ሄዱ። ባትሪውን ለምን እንደፈለጉት አላወቅንም፤ መብራት አልጠፋም ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲመለሱ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ሆጃ ሲሰጧቸው አልወሰዱም። ትልቋን ልጅ፣ "አንቺ፣ ይህን ያህል ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?" አሏት።

"ነግሬህ ነበር እኮ አባ" አለች፤ በቀስታ ነው ያለችው። "እራሴን ያመኛል ብዬህ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ከእናትየው ጋር ነበር። ሳሎኑ ለልጆቹ ማደሪያ ይሁን ሲባል እትዬ አልተዋጠላቸውም። ምንጣፉ አዲስ ነው፤ እንግዳ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል፤ ጠዋት ፍራሽ ተዘርግቶ ሰው ቢገባ ምን ይባላል? ንቀት አልነበረም፤ ለሃያ ዓመታት ያን ክፍል ቤቱ የሚከበርበት አድርገው ጠብቀውታል። ባለቤቴ ገባችበት፦ "እትዬ፣ እኔ እኮ እንግዳ ነኝ፤ ትናንት ሳሎኑ ባዶውን ነው ያደረው።" አጎትየው ሳቅ ሲያመልጣቸው እትዬም ተሸነፉ። በዚያው ሌሊት ሁለቱ መስኮቶች ተከፈቱ፣ የእንጨት መዝጊያቸው ገርበብ ተደረገ፣ አጎበሩም የካዕባ ሥዕል ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ ታሰረ። የወንዶቹ ልብስና ሣጥን ወደ ጓሮው ክፍል ገባ፤ እነሱ እንደሆነ ደጅ ነው የሚያድሩት። ታናሹ ልጅ አጉረመረመ፤ ትልቁ ግን ዕቃውን ራሱ ተሸከመ።

ሁሉም ቤት ትርፍ የድንጋይ ክፍል እንደሌለው አውቃለሁ። በድሬም ሆነ በአፋር፣ በጅግጅጋም ሆነ በመተማ አንዲት የብሎኬት ክፍል ብቻ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእሱም ቢሆን የሚደረግ አይጠፋም። ፀሐይን ግድግዳው ላይ ከመድረሷ በፊት መከልከል ይቀድማል፤ መጋረጃ ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ በሸራ ወይም በሰሌን ዳስ ቢሆን ይሻላል። መስኮትን በቀትር ዘግቶ ከመግሪብ በኋላ መክፈት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ሰው እንዳያይ ከተፈለገ ስስ የጥጥ ጨርቅ ነፋስ ያስገባል፣ ዓይን ይከለክላል። ኮርኒስ ውድ ከሆነ ቆርቆሮውን በኖራ ነጭ መቀባት ብርሃኑን ይመልሳል። የናይለን አንሶላ ይቅር፤ ጥጥ ላብን ይጠጣል። ቬንትሌተር ያለው ሰው መስኮቱ አጠገብ ያድርገው፤ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ማሞቅ ይጀምራል። ጨቅላ ሕፃንን በእንዲህ ያለ ሌሊት በብርድ ልብስ መጠቅለል አደጋ አለው። ከመኝታ በፊት ውዱእ ማድረግ ሱና ነው፤ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ደግሞ ሙቀቱን ከቆዳ ላይ ያነሳል። ግቢው አጥር ካለው አንዱን ጥግ በሸራ ጋርዶ ለሴቶች መስጠት ይቻላል። ይህን መጋላ ውስጥ በአንድ ቤት አይቻለሁ፤ አራት እንጨትና አንድ ሸራ ነው የፈጀው፤ አባትየው እንደነገሩኝ ግማሽ ቀን አልወሰደባቸውም።

እኛ በሦስተኛው ቀን ተነሳን። ባለቤቴ የመጨረሻዋን ሌሊት ከልጆቹ ጋር ሳሎን አድራ ነበርና ደንገጎ ላይ ሹራባችንን እስክንለብስ ድረስ ስለዚያ ነፋስ አወራችልኝ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውለን ነበር። እትዬ ሁለት ቀን በጠዋት እንግዳ መጥቶባቸው ልጆቹን ከእንቅልፍ አስነስተው ምንጣፉን አንጥፈዋል፤ አሁንም ቅር ይላቸዋል። አጎትየው ለጓሮው ክፍል ኮርኒስ እያስለኩ ነው። ትልቋ እራስ ምታቱ አንዳንድ ቀን እንጂ እንደ በፊቱ አይደለም ብላለች። ፈተናዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።